ወንበሬ ስትሰምጥ

“ከወንበሩ ወረደ” ሲባል ስለ ብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤
እኔ ግን ከነወንበሬ በየዕለቱ እወርዳለሁ።
ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ
ክርኔ ከጠረጴዛ በላይ፤
አራት ሰዓት ሲል ደረቴ፣
ለምሳ ሲቃረብ አገጬ፤
እንደ ሕፃን አንጋጥጬ
የሰው ደረሰኝ እደምራለሁ፣
የኮንቴነር ቁጥር እለቅማለሁ።

ማንሻዋን ስስበው፣ “እህህ” ብላ ትነሣለች፤
ሦስት ገጽ ሳልጨርስ ተመልሳ ትሰምጣለች።
ቆዳዋም ተላጠና ጥቁር ቅርፊቷ በየዕለቱ
ከቀሚሴ ተጣብቆ ይወርዳል እስከ ዳቦ ቤቱ፤
ሻጯ ጀርባዬን እያራገፈች
“ኤዱቪሂስ! ደግሞ እሳት ተነሣ ከላይ?” ትለኛለች።
ባለፈው በጋ የነደደው የእህቷ ቤት ነው፤ አልስቅም።
“ወንበሬ ናት” እላለሁ።

የቫልፓራይሶው የመርከብ ወኪል በሩን የዘጋ ዕለት
ለአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የተቆረጠልኝ እሷ ናት።
“ገንዘቡ ይደርስሻል፤ ለጊዜው ወንበርሽን ውሰጂ።”
ለጊዜው ስድስት ዓመት ሆነው፤
ገንዘብ የለም፣ ወንበር እንጂ።

በቧንቧ ማሠሪያ ጠፈርኳት፣ በፕላስተር ጠመጠምኳት፣
የጉምሩክ ደንብ ሁለት ቅጽ ከላይዋ ደረብኩባት፤
ደንብ ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ፣
እግሬን አደነዘዘኝ፤
ከፍ ግን አላደረገኝ።

ሐኪሟ ፎቶዬን ከብርሃኑ ፊት ዘርግታ
“ወገብሽ ወንበርሽን መስሏል” አለች ጥቂት ተመልክታ፤
“ቀይሪያት። ደግሞም በየሰዓቱ ተነሺ።”
መቀየሩን ያዝኩ፤ መነሣቱን ረሳሁት።

ቢሮውን ከዘጋ ኖታሪ አሮጌ ግን ጠንካራ ገዛሁ።
ጫኙ ከደረጃው ሥር አራግፎ
“የተከፈለኝ እስከ በር ነው፤ በሩ ደግሞ ይኼ ነው” አለ፤
ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ ኮስተር እንዳለ።
መቶ ስልሳ ሁለት ደረጃ! ሽቅብ የሚጎትተን ሊፍት
ለጥገና የቆመው ገና ከፋሲካ በፊት።
አንጋጥጬ ሳለሁ ጎረቤቴ ኖልቤርቶ ወረደ፣
የወደቡ ክሬን ነጂ የነበረ፣ አሁን ጡረተኛ፤
ምንም ሳይል ገለበጠና ራሱ ላይ ደፋው እንደ ዘውድ።
አምስቱ ጎማዎች ወደ ሰማይ፣ ነፋስ ያሽከረክራቸዋል፤
ሲወጣ ንጉሥ ይመስላል፣
ሲያርፍ ሰባ አንድ ዓመቱን።

አዲሱ አሮጌ ወንበር አይሰምጥም፤ ቀጥ ያለ ነው።
ግራ ጎኑ ግን ጎድጉዷል፤
ያ ኖታሪ ዕድሜውን ሙሉ
ለየትኛው ወገን ሲያደላ ኖሮ ይሆን?
እኔም በእሱ ጉድጓድ ዘመም ብዬ
የሰው ሒሳብ አቃናለሁ።

አሮጊቷን ለቆሻሻ መኪና አውጥቼ ባቆምኳት ማግሥት
ከደረጃው አናት አየኋት፤ ቁልቁል እንዳትንከባለል
ከብረቱ አጥር ጋር በመርከበኛ ቋጠሮ ታስራለች።
ኖልቤርቶ ተቀምጦባት ወደቡን ያያል።
“ትሰምጣለች እኮ” አልኩት።
“ትስመጥ! ጠረጴዛ የለኝ፣ ከምን አንሳለሁ?
ዝቅ ባልኩ ቁጥር ነፋሱ በላዬ ያልፋል።”

አምስት ሰዓት ግድም ግን፣
ዓይኑ ከአጥሩ አግዳሚ ጋር ተጋጥሞ መርከቡ ሲሸሸገው፣
ጉልበቱም አልታዘዝ ሲለው፣
“ኤዱቪሂስ!” ይላል፣ “ነይና ሳቢልኝ!”
ከግማሽ ድምር ላይ እነሣለሁ።
እኔ ማንሻዋን ስስብ፣ እሱ አጥሩን ይዞ ቀና ሲል፣
“እህህ” የሚል ይሰማል።
ከሁለቱ የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።
ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ ይጠራኛል።